መብራቱን ቀንሺ፣ እጅሽን ሰብስቢ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ከሁለት ወር በፊት 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ 60 ሊትር ያህል የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። ምኞቴ በለምለም ተክሎች የተሞላና በመሃላቸው ትንንሽ ዓሦች የሚርመሰመሱበት ገንዳ ነበር። ውሃውን በሞላሁበት ቀን አምስት ዓይነት ተክል ተከልኩ፤ አሥር ኒዮን ቴትራና ሁለት ጎልድፊሽም ጨመርኩ። ተክሎቹ እንዲያድጉልኝ ብዬ ጠንካራ የኤልኢዲ መብራት ገዝቼ በቀን 14 ሰዓት አበራለሁ። በየቅዳሜው ጠጠሩንም የማጣሪያውን ስፖንጅም አውጥቼ በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጥባለሁ። ግን ቅጠሎቹ እየቀለጡ ነው። መስታወቱና ድንጋዩ ክር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ለብሰዋል። ከአሥሩ ኒዮን የቀሩኝ አራት ናቸው። ባለቤቴ ‹ሣር ተከልሽ፣ ዓሣ ቀበርሽ› እያለ ያሾፍብኛል። አሁን ሁለተኛ መብራትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ልገዛ አስቤያለሁ። ከየትኛው ልጀምር? አንድ ነገር ልጨምር፦ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ብቅ ብለዋል። ላስወግዳቸው?

ተስፋ ልቆርጥ የተቃረብኩ»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ቀጥዬ ልንገርሽ። ሁለቱንም አትግዢ። ያለሽን መብራት ከዛሬ ጀምሮ በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ አብሪው። ስፖንጁን ደግሞ ሁለተኛ ወደ ቧንቧ እንዳታስጠጊው። ገንዳሽ ዕቃ አልጎደለውም። መብራትና እጥበት በዝቶበታል፣ ጊዜ ግን አላገኘም።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። እኔ በመጀመሪያው ገንዳዬ የቀበርኩትን ብነግርሽ ያንቺ ምንም አይደለም።

እስቲ ከዓሦቹ እንነሳ፤ እነሱ ናቸው የሚቸኩሉት። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም፣ የበሰበሰ ቅጠልም መጨረሻቸው አሞኒያ ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ይበተናል። 60 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ዓሦቹን ከራሳቸው ቆሻሻ የሚያድናቸው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት እስካልበዛ ድረስ ዓሣ አይጎዳም። ለተክል እንዲያውም ምግብ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው አይደለም። ጠጠሩ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፖንጁ ላይ ተለጥፈው ነው። ምግብና ኦክስጅን የያዘ ውሃ ሌት ተቀን የሚያልፍበት ቦታ እሱ ነዋ። አዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ገንዳውን ሞልቶ፣ ተክሉን ተክሎ፣ ዓሣ ሳያስገባ ይጠብቃል። አንቺ በሞላሽበት ቀን 12 ዓሣ ጨመርሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኼው ነው።

ቀጥሎ ቅዳሜ መጣ። ባክቴሪያዎቹ ስፖንጁ ላይ መስፈር ሲጀምሩ አንቺ ወስደሽ በቧንቧ ውሃ አጠብሻቸው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። ሥራውን ሠራ። ጠጠሩንም አወጣሽና የቀሩትን ጨረስሻቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ገንዳሽ ሁለት ወር የሞላው ይመስልሻል እንጂ በእኔ ቆጠራ ገና አንድ ሳምንቱ ነው። በየቅዳሜው እንደ አዲስ ይወለዳል።

እና አሁን ምን ይደረግ? የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት መመርመሪያ ግዢ። ገንዘብሽ እጅሽን ከበላሽ እሱ ላይ አውጪው። በጠብታ የሚሠራው ከወረቀቱ የተሻለ ትክክል ነው። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆን አለባቸው። ከዜሮ በላይ ባየሽ ቁጥር ከገንዳው ውሃ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ቀይሪ። መመርመሪያው እስኪገኝ ድረስ ቀን እየዘለልሽ 30 በመቶ እየቀየርሽ ቆዪ። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ለዚህ የሚሆን በጠብታ የሚጨመር የውሃ ማከሚያ አለ። ውሃውን ባልዲ ውስጥ ማሳደር ክሎሪንን ያስለቅቃል። አንዳንድ ቦታ ግን ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ በማሳደር አይለቅም። ማከሚያውን መጠቀሙ ይሻላል።

ምግቡንም ቀንሺ። ቀን እየዘለልሽ፣ በሁለት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ዓሣ እንደኛ ሰውነቱን ለማሞቅ የሚያቃጥለው ብዙ ምግብ የለም፤ ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ጥቂት ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም። ሰው ዓሣውን በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ ነው የሚገድለው። አዲስ ዓሣ ደግሞ አሞኒያውና ናይትራይቱ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ አንድም እንዳትጨምሪ። አራቱ ኒዮኖች ብቻቸውን ይፈራሉ፣ አውቃለሁ። በቡድን የሚኖር ዓሣ ነው። ቢሆንም ትንሽ ይፍሩ፣ በሕይወት ይቆዩ። ውሃው ሲረጋ ስምንት ወይም አሥር ታደርጊያቸዋለሽ።

ጎልድፊሾቹን በተመለከተ ክፉ ዜና አለኝ። ከዚያ ገንዳ መውጣት አለባቸው። ሲያድጉ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊያልፉ ይችላሉ፤ 60 ሊትር ለእነሱ የእስር ቤት ክፍል ነው። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳሉ፤ ኒዮን ግን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ነው የሚስማማው። ለስላሳ ቅጠል ይበላሉ፣ ጠጠር እየቆፈሩ ሥር ይነቅላሉ። ቆሻሻቸውም ብዙ ነው። ከተክሎችሽ ገሚሱን ያጠፋው ያ ክር የመሰለው አረንጓዴ ነገር፣ አልጌው፣ ሳይሆን እነሱ ቢሆኑ አይገርመኝም። ትልቅ ገንዳ ወይም ኩሬ ላለው ሰው ስጫቸው። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን በምንም ምክንያት አትልቀቂያቸው። ይዋለዳሉ፤ በቦታው የነበሩትንም ዓሦች ይጎዳሉ።

አሁን ወደ መብራቱ። ስለ ተክል ገንዳ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ብትይኝ ይኼንን ነው የምነግርሽ።

ሰው ሁሉ ተክል ስለሚያድግ ብርሃን በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ብሎ ያስባል። ብርሃን ግን ትእዛዝ ነው። መብራቱ ሲበራ ተክሉን «ሥራ!» ይለዋል። ለመሥራት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ብረት፣ ማግኒዚየም ይፈልጋል። መብራቱ ሲጠነክር የሁሉም ፍላጎት አብሮ ይንራል። አንዱ ካነሰ ዕድገቱ በዚያ ባነሰው ልክ ይቆማል፤ የሌሎቹ መትረፍረፍ ምንም አይፈይድም። ይህን ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው ያሳወቀው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ብዙ ጊዜ በበርሜል ይመሰላል። ከጣውላዎቹ አንዱ አጭር ከሆነ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞላም፤ ሌሎቹን ጣውላዎች ብታስረዝሚ ትርፉ ድካም ነው። አንቺ በጣም ረጅሙን ጣውላ ነው እያስረዘምሽ ያለሽው።

የተረፈውን ብርሃን ማን ይወስደዋል? አልጌ። አልጌ ሥር የለው፣ ግንድ የለው፤ በጥቂት ነገር የሚኖር ፍጡር ነው። ተክሉ ተርቦ ቅጠሉ ሲደክም እሱ ላዩ ላይ ይሰፍራል። ከሚበሰብሰው ቅጠል የሚወጣው አሞኒያም ያግዘዋል። ያ ክር የመሰለው አረንጓዴ ነገር በሽታው ራሱ አይደለም፤ የመብራቱ ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ መብራቱን በታይመር እሰሪው። በእጅ ማብራትና ማጥፋት አይሆንም፣ እንረሳለን። ለ6 ሰዓት፣ ቤት ሆነሽ ልታዪው በምትችዪበት ጊዜ ይብራ። ብርሃኑን መቀነሻ ካለው ወደ ግማሽ አውርጂው። ከሌለው መብራቱን ከውሃው ከፍ አድርገሽ ስቀዪው፤ ወይም ውሃው ላይ ተንሳፋፊ ተክል ጨምሪና እሱ ጥላ ይሁን። ገንዳው የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ከሆነ መጋረጃውን ዝጊ። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ ቅጠል ሲወጣና አልጌው ሲቀንስ ካየሽ ወደ 7፣ ከዚያም ወደ 8 ሰዓት መውጣት ትችያለሽ። ከ8 በላይ የመሄድ ምክንያት አይታየኝም።

ያለውን አልጌ በእጅሽ አውጪው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ክሩ ውስጥ ከትተሽ አሽከርክሪ፤ ተጠቅልሎ ይወጣልሻል። መስታወቱን ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ስፖንጅ ጥረጊ። ክሩ የበዛበትን ቅጠል ከሥሩ ቁረጪና ጣይ፤ አይሳሺ። ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ አትደንግጪ፤ አዲስ ገንዳ ላይ የሚመጣ ነው፣ በጣት ይጠረጋል፣ በጊዜው ይሄዳል። ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ የሚሸት ነገር ግን ሌላ ነው። አልጌ ይመስላል እንጂ ባክቴሪያ ነው። እሱን በቱቦ ስበሽ አውጪው፤ ገንዳውንም ለሦስት ቀን በጨርቅ ሸፍነሽ አጨልሚው።

«አልጌ የሚበላ ዓሣ ልግዛ?» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። እርግጥ ጥሩ አልጌ በላተኞች አሉ። በጃፓናዊው ፎቶ አንሺና የተክል ገንዳ ሊቅ በታካሺ አማኖ (እ.ኤ.አ. 1954–2015) ስም የምትጠራው ሽሪምፕ (ባለ ብዙ እግር ትንሽ የውሃ እንስሳ) ክር አልጌ ላይ ግሩም ናት። ይህ ሰው ገንዳን እንደ ተራራና ጫካ ማስዋብን ለዓለም ያስተማረ ነው፤ አልጌ የሚያጸዱ ሽሪምፖችንም በሰፊው ያስለመደው እሱ ነው። ነገር ግን ሽሪምፕ ለአሞኒያም ለመዳብም ስስ ናት። አሁን ባለው ውሃሽ አንድ ሳምንትም አትቆይልሽ። ውሃው ይርጋ፣ ከዚያ እናወራለን።

ወደ ተክሎቹ ስንመጣ የማጽናኛ ወሬ አለኝ። ለሽያጭ ከሚቀርቡት የገንዳ ተክሎች ብዙዎቹ ያደጉት ሥራቸው ብቻ ረጥቦ ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ነው። በፍጥነት ያድጋሉ፣ አልጌም አይዛቸውም። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ያ የአየር ላይ ቅጠል አይሆናቸውም። ይቀልጣል። ከዚያ ለውሃ የሚሆን ቀጭን አዲስ ቅጠል ያወጣሉ። ይህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል ያለቀለት መስሎሽ ነቅለሽ ብታዛውሪው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ተክል በተለይ አኩራፊ ነው፤ ቦታ በተቀየረበት ቁጥር ቅጠሉን ሁሉ ይጥላል። ሥሩ ግን ደህና ነው፣ ተይው። አንቺ ደግሞ በየቅዳሜው ጠጠሩን ስታወጪ እነዚህን ሁሉ ነቅለሽ ተክለሻቸዋል። እስካሁን አንድ ቅጠል መቅረቱ ራሱ ይገርመኛል።

አምስቱ ምን ምን እንደሆኑ አልጻፍሽልኝም። መብራት ሳይበዛ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሳይጨመር የሚኖሩትን ልንገርሽ፤ ካሉሽ ያዣቸው፣ ከሌሉሽ በእነሱ ተኪ። አኑቢያስ አንዱ ነው። መገኛው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ዕድገቱ የኤሊ ነው። ጃቫ ፈርን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ልጅ ናት፤ እሷም አትሞትም። የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው። ቅጠልና ሥር የሚወጣበት ወፍራም አግዳሚ ግንድ አላቸው፤ እሱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በክር ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ታስረው ነው የሚኖሩት። ስንት ሰው አኑቢያስን ቀብሮ «ሞተብኝ» ብሎ ጽፎልኛል! ጃቫ ሞስም እንደዚያው ይታሰራል። ቫሊስኔሪያ ግን ጠጠር ውስጥ ይተከላል፤ እንደ ረጅም ሣር ወደ ላይ ይወጣል፣ በጎኑ ልጅ እየዘረጋ ገንዳውን ይሞላል።

ከእነዚህ ጋር በፍጥነት የሚያድግ አንድ ተክል ጨምሪ። ሆርንዎርት ይሁን። ሥር የለውም፤ ጣል አድርገሽው ይንሳፈፋል። ፈጣን ተክሎች አሞኒያን ከውሃው በቀጥታ ይወስዳሉ፤ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ድረስ ዓሦችሽን የሚያተርፉልሽ እነሱ ናቸው። ባዶ ቦታ እንዳይታይ አድርገሽ አብዢው፤ ሲበዛ ቆርጠሽ ትጥይዋለሽ። ጥቂት ተክል ከመትከል ብዙ መትከል ይቀላል። እንግዳ ነገር ይመስላል እንጂ እውነት ነው።

ጠጠርሽ ተራ ጠጠር ከሆነ ምንም አይደለም፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የተነጠፈ ይሁን። ራሱ ምግብ ስለሌለው በሥራቸው ለሚመገቡት፣ ለክሪፕቶኮሪንና ለቫሊስኔሪያ፣ ሥር አጠገብ የሚቀበር የማዳበሪያ ፍሬ ስጫቸው። ለሌሎቹ ለገንዳ ተክል የተዘጋጀ ፈሳሽ ማዳበሪያ በሳምንት አንዴ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን ጨምሪ። የአትክልት ቦታ ማዳበሪያ እንዳይሞከር። ብዙ ጊዜ አሞኒያ ወይም ዩሪያ አለበት፤ ዓሣ ይፈጃል።

ተክሉ የጎደለውን በቅጠሉ ይናገራል። አሮጌው ቅጠል በሞላ ቢጫ እየሆነ ከመጣ ናይትሮጂን አንሶታል። አሮጌው ቅጠል ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ ከታየ ፖታሲየም ነው። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ከወጣ ብረት ነው የሚጠረጠረው። የቀለጠ አሮጌ ቅጠል አይድንም፤ እሱን አትዪ። ገንዳሽ መዳኑን የምታውቂው ከአዲሱ ቅጠል ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሩ ነገር። ጋዙ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ በትክክል ከተያዘ ተክል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ዓይን ይሞላል። ጋዝ ያልተጨመረበት ገንዳ በሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ነው የሚኖረው። ጋዝ የሚጨምሩ ሰዎች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያደርሱታል። ግን ሲሊንደር ሲመጣ መቆጣጠሪያ ይመጣል፣ ሌሊት የሚዘጋ ቫልቭ ይመጣል፣ ብዙ ማዳበሪያ ይመጣል፣ ብዙ መቁረጥ ይመጣል። ከመጠን ካለፈ ደግሞ ዓሦቹ ይታፈናሉ።

እኔ አንድ ምሽት መክፈቻውን «ትንሽ ልጨምርለት» ብዬ ነካ አድርጌው ተኛሁ። ሌሊት ተክል ጋዙን አይጠቀምም። እንዲያውም እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጠዋት ስነሳ ዓሦቹ ሁሉ የውሃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ይቅበዘበዛሉ። ገሚሱን ውሃ በባልዲ እየቀየርኩ፣ በእጄ ውሃውን እያማታሁ ተረፉ። ሁሉም ግን አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ያለው ገንዳ ውስጥ ቀለም የምትለውጥ ፈሳሽ የያዘች ጠርሙስ ሳልሰቅል አላድርም። ሰማያዊ ከሆነች ጋዙ አንሷል፤ አረንጓዴ ስትሆን ልክ ነው፤ ቢጫ ስትሆን ለዓሣው አደጋ ነው። የምታሳየው ግን ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው፤ ቀለሙ ቶሎ አይለወጥም።

ሲሊንደሩን ከስድስት ወር በኋላ፣ ገንዳው ሲረጋ፣ አሁንም ካማረሽ እንነጋገርበት። ከላይ የዘረዘርኳቸው ተክሎች አይፈልጉትም። እስከዚያው በነጻ የሚገኝ ነገር ልንገርሽ፤ የውሃው እንቅስቃሴ ነው። ጋዝ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ውሃው ከቆመ ቅጠሉ አጠገቡ ያለውን ጋዝ ጨርሶ ይራባል፤ አዲስ ቶሎ አይደርሰውም። የማጣሪያሽን መውጫ ገንዳው ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ሁሉ ቀስ ብለው እንዲወዛወዙ፣ የውሃውም ወለል በትንሹ እንዲሞገድ አድርገሽ አዙሪው። ማጣሪያው በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚያዞር ከሆነ ይበቃል።

ቅዳሜሽን ግን አልወስድብሽም። ማጽዳት እንደምትወጂ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል፤ ሥራ ልስጥሽ። መጀመሪያ ማሞቂያውንና ማጣሪያውን ከሶኬት ንቀዪ። ማሞቂያ በርቶ ሳለ ውሃው ከጎደለበት የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ መስታወቱን ጥረጊ። የበዛውን ተክል ቁረጪ፣ የሞተውን ቅጠል ልቀሚ። ውሃውን በቱቦ ወደ ባልዲ ስትስቢ የቱቦውን አፍ ከጠጠሩ በላይ እያንሳፈፍሽ ቆሻሻውን ብቻ ውሰጂ፤ ተክል ያለበትን ጠጠር አትቆፍሪ። ውሃው አንዴ ከረጋ 18 ሊትር ያህል ይበቃል፤ ይኸውም 30 በመቶው ነው። የምትመልሺው ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይመሳሰል፤ ማከሚያውንም ቀድመሽ ጨምሪበት።

ስፖንጁን በወር አንዴ፣ ወይም የውሃው ኃይል ሲደክም ብቻ፣ ከገንዳው በወጣው ባልዲ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጊውና መልሺው። ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ይቅር! ንጹሕ ስፖንጅ ባዶ ስፖንጅ ነው። በመሃሉ ውሃው ተንኖ ሲጎድል መሙላትሽን ግን ውሃ እንደ መቀየር አትቁጠሪው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨውና ናይትሬቱ እዚያው ይቀራሉ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጣል። ከገንዳው የሚወጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይውረድ፤ በገመዱ የሚንጠባጠብ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ እዚያ ጠብ ይላል። ማከፋፈያውን መሬት ላይ ከገንዳው ሥር አታስቀምጪ። ገንዳው የተቀመጠበትንም ጠረጴዛ ተመልከቺ። 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ሲጨመሩ 80 ኪሎ ይጠጋል። ጠረጴዛው ገፋ ሲያደርጉት የሚወዛወዝ ከሆነ አሁኑኑ ለውጪው።

የቀረው የቀንድ አውጣዎቹ ጥያቄ ነው። የመጡት ከተክሎቹ ጋር ነው፤ እንቁላላቸው ቅጠል ሥር ተለጥፎ ይገባል። አታስወግጃቸው። ለምን እንደምል ለማስረዳት አንድ ታሪክ ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ለንደን ውስጥ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። አንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ውሃ፣ አሸዋና ድንጋይ አድርጎ ሁለት ጎልድፊሽ አስገባ፣ ቫሊስኔሪያ ተከለ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ዓሣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፣ ሁለቱ ይተጋገዛሉ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሠራለት። ከዚያ አሮጌዎቹ ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ መስታወቱን አረንጓዴ ነገር ሸፈነው። ያንቺው ደብዳቤ በይው። እሱ ግን ሁለተኛ መብራት አልገዛም፤ የኩሬ ቀንድ አውጣ ጨመረ። እነሱ የበሰበሰውን ቅጠልና አተላውን በሉለት፣ ውሃውም ጠራ።

ያንቺዎቹም ጤነኛ ቅጠል እምብዛም አይነኩም። የሞተውን፣ ለስላሳውን አልጌና የተረፈውን ምግብ ነው የሚበሉት። የሚበዙት ባገኙት ምግብ ልክ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱ ላይ የምታያቸውን ቁጠሪና ደብተር ላይ ጻፊ። ቁጥሩ ባንዴ ካሻቀበ ለዓሦቹ ምግብ አብዝተሻል ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ የቁጥሩን ዝርዝርና የአዲሶቹን ቅጠሎች ፎቶ ላኪልኝ።